አሮጌ የኮርሳ ብስክሌትን ባለ ኤሌክትሪክ ሞተር ማድረግ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኮርሳ፣ ማለትም ቀጭን ጎማና ወደ ታች የተጠማዘዘ መሪ ያለው አሮጌ ብስክሌት፣ ግድግዳ ላይ የሰቀለ ሰው ሁሉ ጥያቄውን የሚጀምረው «የትኛውን ሞተር ልግዛ?» ብሎ ነው። ሞተሩ ግን ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ነው። የሚያስቸግረው ሞተሩን የሚሸከመው ብረት፣ የሚያቆመው ፍሬንና የሚመግበው ባትሪ ነው። ስለዚህ እዚህም ብዙ ቦታ የያዙት እነዚህ ሦስቱ ናቸው።

አሮጌ የኮርሳ ብስክሌት ለዚህ ሥራ ይሆናል?

የሚወስነው ቴላዮው፣ ማለትም የብስክሌቱ አጥንት፣ ከምን እንደተሠራ ነው። ከብረት ቱቦ የተሠራ ከሆነ ይሆናል፤ እንዲያውም ከብዙ አዳዲስ ብስክሌቶች ይሻላል። ብረት ይለመጣል፤ የኋላ ዘንጉ የሚቀመጥበት ክፍተት በጥንቃቄ ሲሰፋ አዲሱን ስፋት ይዞ ይቀራል፤ ከመሰበሩ በፊትም አብዛኛውን ጊዜ በስንጥቅ ያስጠነቅቃል። ማግኔት ያስጠጉበት፤ ከያዘው ብረት ነው። አሉሚኒየም ሞተር መሸከም ይችላል፣ ነገር ግን ክፍተቱን ለማስፋት መለጠጥ የለበትም፤ ከአሉሚኒየም የተሠራ የፊት ሹካ ላይም የሞተር ጎማ፣ ማለትም ሞተሩ እምብርቱ ውስጥ ያለ ጎማ፣ አይታሰርም። የካርበን ሹካና የካርበን ቴላዮ የዘንግ ጠመዛ እንዲችሉ ተብለው የተሠሩ ስላልሆኑ የሞተር ጎማ አይግባባቸው።

ብረት መሆኑን ካወቁ በኋላ ብስክሌቱን በእርጥብ ጨርቅ አጽድተው በቀን ብርሃን ይመርምሩት። ቱቦዎቹ ከመሪው አንገት ጋር የሚገናኙበትን፣ የፔዳሉን ዙሪያና የኋላ ዘንግ መቀመጫውን ሥር ይመልከቱ። ቀለሙ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ካለ ጥፍርዎን ያስኪዱበት። ጥፍር የሚይዝ ከሆነ የተሰነጠቀው ብረቱ ሳይሆን አይቀርም፤ እንዲህ ያለው ብስክሌት ግድግዳው ላይ ቢቆይ ይሻላል።

ከመግዛቴ በፊት ምን ምን ልለካ?

ይህ ጥያቄ ብዙ ገንዘብ ያድናል፤ ሆኖም ከሁሉም ያነሰ የሚጠየቀው እሱ ነው።

መጀመሪያ የኋላ ዘንግ መቀመጫዎቹን፣ ከውስጥ ወደ ውስጥ። ከኋላ አምስት ጥርስ (ሰንሰለቱ የሚዞርባቸው ክብ ብረቶች) የነበራቸው የድሮ ኮርሳዎች አብዛኛውን ጊዜ 120 ሚሊ ሜትር፣ ስድስትና ሰባት ጥርስ የነበራቸው 126፣ ከእነሱ በኋላ የመጡት ደግሞ 130 ናቸው። ለኋላ የሚሸጡት ሞተሮች ግን አብዛኞቹ ለ135 የተዘጋጁ ናቸው። ከ126 ወደ 135 መሄድ በእያንዳንዱ ጎን 4.5 ሚሊ ሜትር መክፈት ነው። ብረት ይህን ይችላል፤ ነገር ግን ሁለቱ ጎኖች እኩል መከፈታቸው በክር ተወጥሮ መረጋገጥ አለበት፣ መቀመጫዎቹም እንደገና ትይዩ እንዲሆኑ መቃናት ይኖርባቸዋል። ጎማውን በጉልበት አስገብቶ ዳዶውን ማጥበቅ መፍትሔ አይደለም፤ ዘንጉ ተጣምሞ ሲታሰር ይዋል ይደር እንጂ ይሰበራል።

ቀጥሎ የፊት ሹካው። ስፋቱ 100 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከፊት ሞተሮች ጋር ይስማማል። የማይስማማው ዘንጉ የሚገባበት ክፍት ነው። የድሮ የፊት ዘንግ ውፍረቱ 9 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሞተር ዘንግ ደግሞ ሁለት ጎኑ ጠፍጥፎ እንኳ ወደ 10 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ልዩነቱ በሞረድ የሚነሳ ነው። የሚሞረደው ግን ጎንና ጎኑ እንጂ ወደ ላይ ጥልቀቱ አይደለም።

ከዚያ ጎማው። በጎማው ጎን ላይ 630 የሚል ቁጥር ካለ የድሮው 27 ኢንች ነው፤ 622 ካለ ደግሞ ዛሬ የተለመደው ባለ 700 ነው። ሞተር የተገጠመባቸው ቸርኬዎች ብዙዎቹ 622 ናቸው። በ27 ኢንች ብስክሌት ላይ 622 ሲገባ የቸርኬው ጠርዝ 4 ሚሊ ሜትር ዝቅ ስለሚል የፍሬኑ ላስቲክ እስከዚያ መውረድ መቻሉን አስቀድሞ ማየት ነው። 4 ሚሊ ሜትር ትንሽ ትመስላለች፤ ፍሬኑ ቸርኬውን ትቶ ጎማውን ሲያሽ ግን ትንሽ አይደለችም።

በመጨረሻ፣ መሐል ላይ የሚገባ ሞተር ካሰቡ የፔዳሉ ዘንግ የሚያልፍበትን ቱቦ ስፋት ይለኩ። በእንግሊዝ ልክ የተሠራው 68 ሚሊ ሜትር ሲሆን ከብዙ ሞተሮች ጋር ይሄዳል። የጣሊያን ልክ 70 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቀዳዳውም ሰፋ ስለሚል ሞተሩ ማጥበቢያ ቀለበት ካልገባለት ይላወሳል።

ሞተሩ የት ቢሆን ይሻላል፣ ፊት፣ ኋላ ወይስ መሐል?

ሞተርን በጎማ እምብርት ውስጥ የመክተት ሐሳብ የዛሬ አይደለም። ኦግደን ቦልተን የተባለ አሜሪካዊ ከኋላ ጎማው ውስጥ በባትሪ የሚሠራ ሞተር ላለው ብስክሌት የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1895 መጨረሻ ነበር። ፔዳል ሲመታ ብቻ የሚያግዝ ብስክሌት ለገበያ ያቀረበው ያማሃ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ሞተሩ የት ይሁን የሚለው ክርክር ግን ዛሬም አልተዘጋም።

የፊት ሞተር ለመግጠም ቀላሉ ነው። ማርሽና ሰንሰለት አይነካም፤ ቸርኬ መቀየር የሚችል ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ ይጨርሰዋል። ጉድለቱም ግልጽ ነው። የጋላቢው ክብደት የሚበዛው ወደ ኋላ ስለሆነ በዳገትና በእርጥብ መንገድ የፊት ጎማው ይንሸራተታል፣ የድሮ ኮርሳ ሹካም ጫፉ ቀጭን ነው።

የኋላ ሞተር ያለ መንሸራተት ይገፋል፤ ሹካውንም አያስጨንቅም። ችግሩ ቀደም ሲል ያልነው ስፋት ነው። አንድ ደስ የሚል ነገር ግን አለው፦ ብዙ የኋላ ሞተሮች በክር የሚታሰሩ ጥርሶችን ይቀበላሉ፣ የድሮ ኮርሳዎች ጥርስም አብዛኛውን ጊዜ በክር የሚታሰር ነው። ክሩ አንድ ዓይነት ከሆነ የራሱን ጥርስ አንስቶ መትከል ይቻላል።

የመሐል ሞተር ኃይሉን በሰንሰለቱ በኩል ስለሚያስተላልፍ ማርሾቹን ሁሉ ይጠቀማል፤ ቀጥ ባለ ዳገት ላይ የሚወዳደረው የለም። በምትኩ ሰንሰለትና ጥርስ ቶሎ ይበላል፤ ማርሽ ሲቀየር ፔዳሉን ማላላት ግዴታ ነው፤ ሁለቱ የፊት ጥርሶችም ወደ አንድ ይወርዳሉ። በድሮ ቴላዮ ላይ ደግሞ የሞተሩ ትልቅ ጥርስ ወደ ኋላ የሚሄደውን ቱቦ የሚነካበት ጊዜ አለ።

የእኔ ምርጫ? ለብረት ኮርሳ ከኋላ የሚገባ፣ በውስጡ ጥርሶች ያሉት ትንሽ ሞተር። ክብደቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3.5 ኪሎ ግራም ነው፣ ከርቀትም አይታይም። ከቤትዎ ሲወጡ መንገዱ ሁሉ ዳገት ከሆነ ግን ምርጫዬን ትተው መሐል ያስገቡ።

ዳዶውን አጥብቄ ካሰርኩት ዘንጉ የት ይሄዳል?

ይዞራል። በተራ ጎማ ዘንጉ ዝም ብሎ የሚሸከም እንጨት ነው፤ ሥራው መቀመጥ ብቻ ነው። በሞተር ጎማ ግን ዘንጉ የሞተሩ ቋሚ ክፍል ነው። ሞተሩ ጎማውን ወደፊት በገፋ ቁጥር ዘንጉ በዚያው ልክ ወደ ኋላ ሊዞር ይታገላል። ሞተሩ 40 ኒውተን ሜትር ቢያወጣ፣ ያ ጠመዛ የሚያርፈው 10 ሚሊ ሜትር በሚያህል የዘንግ ጠፍጣፋ ላይ ነው። ሲካፈል 4,000 ኒውተን አካባቢ ይመጣል፤ የ400 ኪሎ ግራም ሸክም ማለት ነው። ይህን ሸክም የሚያግደው የመቀመጫው ሁለት ከንፈር ነው፤ ከንፈሩ ከተከፈተ ዘንጉ ይዞራል፣ ሲዞር ከውስጡ የሚወጣውን ኬብል ጠምዝዞ ይበጥሳል፣ ከዚያ ጎማው ከሹካው ይወጣል።

መፍትሔው ርካሽ ነው፦ የዘንግ መያዣ ክንድ። አንድ ጫፉ የዘንጉን ጠፍጣፋ ጎን አጥብቆ የሚይዝ፣ ሌላው ጫፉ ከሹካው ወይም ከቴላዮው ቱቦ ጋር የሚታሰር ወፍራም ብረት ነው። ከቀጭን ላሜራ የተቆረጠ አይሆንም፤ ቀዳዳው ሰፍቶ ዘንጉ የሚላወስበት ከሆነም ከጌጥ አይለይም። ለፊት ሞተር በሁለቱም በኩል ይደረግ እላለሁ።

ይህን ያህል የምጨቀጭቀው ስለደረሰብኝ ነው። የመጀመሪያውን ጎማዬን ስገጥም ክንዱን «በኋላ አስገባዋለሁ» ብዬ ተውኩት። በሦስተኛው ቀን ከቆመበት ስነሳ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ሞተሩም ጠፋ። ስወርድ ዘንጉ ሩብ ዙር ዞሮ ኬብሉን እንደ ገመድ ገምዶታል። ጎማው አለመውጣቱ ዕድል እንጂ ብልሃት አልነበረም።

ስንት ዋት ያስፈልገኛል?

ሰዎች ከሚያስቡት ያነሰ። ጋላቢና ብስክሌት ተደምረው 100 ኪሎ ግራም ቢሆኑና 6 በመቶ ዳገት በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ቢወጡ፣ ክብደቱን ወደ ላይ ለማንሳት ብቻ 245 ዋት ያህል ይጠይቃል። እግርዎ ያለ ብዙ ላብ 100 ዋት ያህል ቢያዋጣ የቀረውን 250 ዋት ሞተር ይሸፍናል፣ ለነፋሱና ለመንገዱም ይተርፋል።

ሕጉም አለ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ብስክሌቱ እንደ ብስክሌት የሚቆጠረው የሞተሩ ተከታታይ ኃይል ከ250 ዋት ካልበለጠ፣ ፔዳል ሲመታ ብቻ ካገዘና በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ እርዳታውን ካቆመ ነው። በአሜሪካ የፌዴራሉ የሸማቾች ሕግ እስከ 750 ዋት ይፈቅዳል። ከዚህ ያለፈ በብዙ አገር እንደ ሞተር ሳይክል ተቆጥሮ ሰሌዳና መድን ሊጠየቅበት ስለሚችል፣ ከመግዛትዎ በፊት የሚኖሩበትን አገር ደንብ ይመልከቱ።

ባትሪው ስንት ኪሎ ሜትር ያስኬደኛል?

ቮልቱን በአምፔር ሰዓቱ ያባዙ። 36 ቮልትና 10 አምፔር ሰዓት ያለው ባትሪ 360 ዋት ሰዓት ይይዛል። እየረገጠ የሚሄድ ሰው በቀጭን ጎማ ብዙ ጊዜ በኪሎ ሜትር ከ8 እስከ 12 ዋት ሰዓት ስለሚፈጅ ከ30 እስከ 45 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ነፋስ፣ ዳገትና ብርድ ይቀንሱታል፤ ከሁሉም በላይ የሚቀንሰው ግን የማይረግጥ እግር ነው።

የት ይቀመጥ ለሚለው፣ ከመሪው አንገት ወደ ፔዳሉ በሚወርደው ቱቦ ላይ፣ የውሃ ጠርሙስ በሚታሰርበት ቦታ። ከኮርቻው ኋላ መደርደሪያ ላይ ከተጫነ ክብደቱ ከፍ ስለሚል ብስክሌቱ ይወዛወዛል። የጠርሙስ ብሎን ቀዳዳ የሌላቸው የድሮ ቴላዮዎች አሉ። እባክዎ አይብሱት። የጥሩ ኮርሳ ቱቦ መሐሉ ላይ ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ሊሆን ይችላል፤ ቀዳዳው የስንጥቅ መነሻ ይሆናል። ቱቦውን አቅፎ የሚይዝ ማሰሪያ ይጠቀሙ፣ በሥሩም ላስቲክ ያንጥፉ።

ባትሪ ይፈነዳል የሚባለው እውነት ነው?

ሊቲየም ባትሪ ሲቃጠል በኃይል ይቃጠላል፣ ለማጥፋትም ያስቸግራል። ግን ያለ ምክንያት አይነሳም። በአብዛኛው የሚመጣው ከተበላሸ ሴል፣ ከውስጥ መጠበቂያ ሰሌዳው (ሴሎቹን የሚጠብቀው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ብልሽት፣ ከመውደቅና ከማይገጥም ቻርጀር ነው።

ስለ ቻርጀሩ ትንሽ ልዘርዝር፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ። 36 ቮልት የሚባለው ባትሪ አሥር ሴሎች በተከታታይ የተያያዙበት ነው፤ ሲሞላ 42 ቮልት ይደርሳል። 48 ቮልት የሚባለው ደግሞ አሥራ ሦስት ሴል ሆኖ 54.6 ላይ ይሞላል። የሁለቱ ቻርጀሮች ሶኬት አንድ ዓይነት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የ48ቱን ቻርጀር በ36ቱ ላይ መሰካት ሙሉ በርሜል ላይ ቧንቧ እንደ መክፈት ነው፤ የሚያድነው መጠበቂያ ሰሌዳው ብቻ ነው፣ እሱም ካልተበላሸ። ስለዚህ ቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ያንብቡ።

የቀረው የልማድ ጉዳይ ነው። ተኝተው ሳሉ አይሙሉት፤ መውጫ በር አጠገብም አይሙሉት። ከዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ በታች የቀዘቀዘ ባትሪ መጀመሪያ ይሙቅ፣ ከዚያ ይሞላ። ለወራት የሚቀመጥ ከሆነ ግማሽ ያህል ሞልቶ ይቀመጥ። ሲገዙ እንደ ዩኤል 2271 ያለ የደኅንነት ፈተና ያለፈ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ይፈልጉ። በላፕቶፕ አሮጌ ሴሎች ራስን ባትሪ መሥራት የሚያስተምሩ ብዙ ናቸው፤ እኔ ከእነሱ አንዱ አልሆንም።

የድሮው ፍሬን ይበቃል?

እንዳለ ከተተወ አይበቃም። ሰው ክብደት መጨመሩን ይፈራል፤ የሚያስፈራው ግን ፍጥነቱ ነው። በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ይሄድ የነበረ ሰው በሞተር 25 ሲሄድ ፍሬኑ ማጥፋት ያለበት ጉልበት ወደ እጥፍ ይጠጋል፣ ክብደት ሳይጨመር። ይህም አንዴ ሳይሆን በየመስቀለኛ መንገዱ ነው።

መጀመሪያ ቸርኬውን ይመልከቱ። እንደ መስታወት የሚያበራ ክሮም የተቀባ ብረት ከሆነ ሲደርቅ ይይዛል፣ ሲረጥብ ግን እጅዎ እስኪታመም ቢጫኑትም ላስቲኩ ይንሸራተታል። የሞተሩ ጎማ ከአሉሚኒየም ቸርኬ ጋር ስለሚመጣ አንዱ ጎን ራሱን ያስተካክላል፤ ሌላኛውንም ወደ አሉሚኒየም ይለውጡት፣ በተለይ የፊቱን። ከዚያ ላስቲኩን። ለዓመታት የቆየ የፍሬን ላስቲክ እንደ ቀንድ ይደርቃል፤ ገና ያልተበላ ስለመሰለ ብቻ የሚተው ሰው ብዙ ነው። ገመዱንና ሽፋኑንም አብረው ይለውጡ። ይህ ሁሉ ተደርጎ በሁለት ጣት የማይቆም ከሆነ ባለ ሁለት ማዞሪያ አዲስ ፍሬን ያስፈልጋል። ቁልቁለት ላይ በሁለት ጣት እስኪቆም ድረስ ባትሪውን አይሰኩ።

ጎማውንም እግረ መንገድ፦ ቴላዮው የሚፈቅደውን ያህል ሰፊ ያድርጉ፣ 28 ወይም 32 ሚሊ ሜትር።

በተጠማዘዘው መሪ ላይ መቆጣጠሪያዎቹ የት ይገባሉ?

ዕቃዎቹ የተሠሩት ለቀጥ ያለ መሪ ነው፤ የእሱ መያዣ ውፍረት 22.2 ሚሊ ሜትር ሲሆን የኮርሳ መሪ ወደ 24 ይጠጋል፣ ጥምዝምዙም ላይ አይገባም። በአውራ ጣት የሚጫኑትን ጋዝ (የሞተሩን ፍጥነት መጨመሪያ) ይተዉት። ለኮርሳ የሚስማማው የፔዳሉን መዞር የሚያይ ወይም የእግርን ግፊት የሚለካ ዳሳሽ (ሴንሰር) ነው። ሁለተኛው ዋጋው ውድ ነው፣ ግን አረማመዱ የራስዎ እግር የበረታ እንጂ ሌላ ሰው የገፋዎት አይመስልም። ፍሬን ሲያዝ ሞተሩን የሚያጠፋውን መቁረጫም አይዝለሉ፤ እጀታው ላይ ትንሽ ማግኔት የሚለጠፍበት ዓይነት የድሮውን የፍሬን እጀታ ሳይቀይሩ ይሠራል።

ዝናብ ያበላሸዋል?

ተራ ዝናብ አያበላሸውም፤ በግፊት ውሃ ማጠብ ግን ያበላሸዋል። ኬብሉ ወደ ሞተሩ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ጎበጥ ብሎ እንዲያልፍ ያድርጉ፤ ውሃው ጉብጠቱ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ውስጥ አይሄድም።

ቁልቁለት ስወርድ ባትሪው ይሞላል?

በውስጡ ጥርሶችና ነጻ ማሽከርከሪያ ያለው ትንሽ ሞተር አይሞላም። ጥርስ የሌለው ከባዱ ዓይነት ይችላል፣ የሚመለሰው ግን ጥቂት ነው። ለዚያ ጥቂት ተብሎ ሁለት እጥፍ ክብደት መሸከም አይመስለኝም። ከባዱ ዓይነት ሲጠፋም የማግኔቱ ስበት ይጎትታል፤ ትንሹ ሲጠፋ ግን እንደ ተራ ጎማ ነጻ ሆኖ ይዞራል።

ራሴ መሥራት እችላለሁ?

ጎማ ነቅሎ፣ ሰንሰለት ቀይሮ፣ ፍሬን አስተካክሎ የሚያውቅ ሰው ይችላል። ለባለሙያ የምተዋቸው ሁለት ሥራዎች አሉ፦ ቴላዮውን ማስፋትና ሞተሩን በሽቦ ከቸርኬ ጋር መስፋት። አዲስ የተሰፋ ጎማ ሽቦዎቹ ይላላሉ፤ ከመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎ ሜትሮች በኋላ ሽቦዎቹንም የዘንጉን ዳዶዎችም እንደገና ያጥብቁ።

በኋላ ወደ ነበረበት መመለስ ብፈልግስ?

ቴላዮው ካልተበሳ በአብዛኛው ይመለሳል። ልዩነት የሚያመጡት የኋላው መስፋትና የሹካው መሞረድ ናቸው፤ የመጀመሪያው ተመልሶ ይጠባል፣ ሁለተኛው አይመለስም። ስለዚህ የሰብሳቢዎች ዓይን የሚያርፍበት፣ ቀለሙና ጽሑፉ ያልተነካ ኮርሳ ከሆነ ሌላ ርካሽ ቴላዮ ይፈልጉለት። ነባሩን ጎማ ከነጥርሱና ከነዘንጉ፣ ዳዶና ሮንዴላውን በከረጢት አስረው አብረው ያስቀምጡ። ከዓመታት በኋላ የሚጠፋው ጎማው ሳይሆን ሮንዴላው ነው።